ሦስቱ «ቀስ ብለሽ ግቢ»

ጎርናናው ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሚስቱ ግን አሁንም ከነልብሷ ነው የምትተኛው። እሱ ታሞ ሳለ የለመደችው ነው። ሳሉ ሲነሳበት ብድግ ብላ ትራሱን ከፍ ማድረግ፣ ጀርባውን ማሸት፣ መስኮት መክፈት ነበረባት፤ ለዚያ ሁሉ በጨለማ ቀሚስ ፍለጋ መዳበስ አይመችም። አሁን የሚያስል ሰው የለም። ሰውነቷ ግን መርዶውን የሰማ አይመስልም። ሌቱን ሙሉ ጆሮዋ እንደቆመ ያድርና ጠዋት ስትነሳ ሲወቅጧት ያደሩ ይመስላታል።

መተዳደሪያዋ መጋረጃ መስፋት ነው። የቤቷ የፊት ክፍል ሱቅም ስፌት ቤትም ነው፤ መሃሉን ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ ይዞታል፣ የጨርቅ ጥቅሎች ተራ እንደሚጠብቅ በሽተኛ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ የስፌት መኪናው ደግሞ ብርሃን ፍለጋ መስኮቱ ሥር ተጠግቷል። ደንበኛ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሽንሽኑ ሲያወራት «እሺ፣ እሺ» ትላለች፤ ምን እንደተባለች የሚገባት ግን ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው። በቀደም ለአንድ ክሊኒክ የታዘዘችውን መጋረጃ ገልብጣ ሰፍታው፣ አበባው ሁሉ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ተገኘ። ደግነቱ የክሊኒኩ ሰውዬ ሳቀና «ተኝቶ ለሚያየው በሽተኛ ልክ ነው» ብሎ ይዞት ሄደ።

ባሏ ሶል የሚሉት፣ ከነፍስ የሚወጣ የሙዚቃ ስልት ዘፋኝ ነበር። ከድምፁ የተነሳ ያወቀውም ያላወቀውም «ጎርናናው» ነው የሚለው፤ እሷ ራሷ ካልተቆጣች በስተቀር በስሙ ጠርታው አታውቅም። ብዙ ዘፍኗል፤ ሰው አፍ ላይ የቀረለት ግን አንዱ ነው፣ «ቀስ ብለሽ ግቢ»። ሰውየው ጥላው ለሄደች ሴት ይዘፍንላታል፤ በሩ አልተቆለፈም፣ ቤቱም እንደተውሽው ነው፣ ቀስ ብለሽ ግቢ፣ አልጠይቅሽም ይላታል። በቃ ይኸው ነው። ይህን ዘፈን በዕድሜው ሦስት ጊዜ አስቀርጾታል፤ በጎረምሳነቱ፣ በጎልማሳነቱ፣ በመጨረሻም አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፅ ቀራጩ ላፕቶፑንና ሁለት ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ መጣ። ትንሽ ስቱዲዮ ያለው ሰው ነው፤ ጎርናናውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲወደው የኖረ፣ የመጨረሻውንም ቅጂ አልጋው ድረስ መጥቶ የቀረጸው እሱ ነው። የሟቹን ዘፈኖች ሰብስቦ ለሙት ዓመቱ ዲስክ ሊያወጣ አስቧል። አብሮት ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም መጣ፤ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ድሮ ግን በወንድሙ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ፋርማሲ የምትሠራው ልጇም ፈቃድ ጠይቃ ተገኝታለች።

«ዲስኩ የሚከፈተው በ‹ቀስ ብለሽ ግቢ› ነው» አለ ድምፅ ቀራጩ፣ ማጉያዎቹን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከጨርቁ መሃል ቦታ እየፈለገላቸው። «ራዲዮውም የሚያጫውተው እሱን ነው። ከሦስቱ የቱ ይሁን? እትዬ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ አንድም ነገር አላደርግም።»

«ሦስቱንም ብታወጣቸውስ?» አለች ልጅቷ።

«አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ! ሰው የተበላሸ ዲስክ የሸጥኩለት ነው የሚመስለው።»

የመጀመሪያውን ከፈተው። ሳክስፎኑ ቀድሞ ገባ፣ እንደ ጎረምሳ ደረቱን ነፍቶ። ቀጥሎ ጎርናናው መጣ፤ ያኔ ድምፁ ገና አልጎረነነም ነበር፣ ብረት ነበር። «አልጠይቅሽም!» ብሎ ሲጮህ መስኮቱ ነዘረ። ዋርሳዋ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ያጫውታል።

«ይሄ ይሄ!» አለ ሲያልቅ። «ይሄን የመሰለ አልተቀረጸም፣ አይቀረጽምም። ሰምታችኋል አይደል እኔ የገባሁባትን?»

«ሰምተናል አጎቴ» አለች ልጅቷ ሳቅ ብላ። «ግን አባዬ እዚህ ላይ የማይጠይቅ ሰው ይመስላል? እንደገባች ግድግዳ አስደግፎ ነው የሚመረምራት።»

እናቷም ፈገግ አለች። እውነቷን ነው፤ ያ ልጅ «አልጠይቅሽም» የሚለው እየደነፋ ነው።

ሁለተኛውን ከፈተ። ይህኛው በትልቅ ኩባንያ የተቀረጸ ነው። ሳክስፎኑን አውጥተው ቫዮሊን አስገብተውበታል፤ ቫዮሊኖቹ እንደ ሰርግ አጃቢ ከፊትም ከኋላም ከበውታል፣ እሱ መሃላቸው ረጋ ብሎ ይዘፍናል። አይጮህም፣ አይለማመጥም። ዋርሳዋ ገና ከመጀመሩ ፊቱን አጠቆረ።

«ደረሰኝ የሚያነብ ገንዘብ ያዥ» አለ። «ያኔም ብዬዋለሁ። እኔን አስወጥተው ይሄን ቅባት ለቀለቁበት።»

ድምፅ ቀራጩ ነገሩን ላለማባባስ ቶሎ ብሎ ወደ ሦስተኛው አለፈ። ሦስተኛው መሣሪያ የለውም። አንድ ሰው ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይዘፍናል፣ እንደገና ይተነፍሳል። «ቀስ… ብለሽ ግቢ…» ድምፁ እንደሚቀደድ ጨርቅ ነው። መጨረሻው ላይ «አል…» ብሎ ይቆማል፤ ዝምታው ይረዝማል፤ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ «…ጠይቅሽም» ይላል፣ በሹክሹክታ።

ልጅቷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ዋርሳዋ እንኳ አንገቱን ደፍቷል።

«ይሄ ነው ሶል ማለት» አለ ድምፅ ቀራጩ፤ የሱም ዓይን ቀልቷል። «ያቺን ዝምታ የሚሰማ ሰው አንጀቱ ይበጠሳል። አንድ ሰው ይቅር ለማለት ከራሱ ጋር ሲታገል ነው የምንሰማው።»

መጋረጃ ሰፊዋ ግን ያቺ ዝምታ ምን እንደሆነች ታውቃለች። ጠዋት ነበር፣ ትንፋሹ ጠዋት ጠዋት ስለሚሻለው። ድምፅ ቀራጩ ማይክሮፎኑን አልጋው አጠገብ አቆመ፤ ባሏ ተቀምጦ ካልሆነ አልዘፍንም ስላለ እሷ ከኋላው አልጋው ላይ ወጥታ ጀርባውን በደረቷ ደገፈችው። «አል» ብሎ የቆመው አየር አልቆበት ነው። እየታገለ የነበረው ከሳምባው ጋር ነው። ጀርባውን በመዳፏ መታ መታ ስታደርገው ቀሪዋ ቃል ወጣች።

«እማዬ፣ አንቺስ?» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የመጨረሻው አይሻልም? እሱ ራሱ ነው እኮ ቅረጹኝ ያለው።»

«የመጀመሪያው!» አለ ዋርሳዋ። «ወንድሜን ሰው በሽተኛ ሆኖ እንዲያስታውሰው አልፈልግም።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ድምፅ ቀራጩ፣ «የመጀመሪያው ጥሩ ዘፈን ነው፤ የመጨረሻው ግን ሰው ነው።»

ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ሲጥል፣ ዘፈኑ ከመሃል እየተቆረጠ፣ እየተመለሰ፣ «ይቺን ስማ»፣ «ቆይ ይቺን ስማ» ሲባባሉ፣ ጎርናናው በአንድ ጠረጴዛ ላይ እየጎረመሰ፣ እየሞተ፣ እንደገና እየጎረመሰ ጆሮዋን አዞረባት። እሷ በዚያ መሃል የምታየው ማጉያው ሥር የገባች መቀሷን ነው፤ ነገ የምታስረክበው ሥራ አለ፤ ወገቧ ይቆርጣታል።

«የፈለጋችሁትን አድርጉ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ደክሞኛል።»

ዋርሳዋ ተቆጥቶ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። የሱ መውጣት ነገሩን የቆረጠው መሰለ፤ ድምፅ ቀራጩ እጇን ይዞ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ የመጨረሻውን እናደርገዋለን» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ኩሽና ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ልጅቷ ከፊት ክፍል ወንበሩን ወደ ቦታው እየመለሰች በስልኳ ያንን ዘፈን ትፈልጋለች። ትንሽ ቆይቶ ቫዮሊኖቹ በበሩ ገቡ፤ ቀጥሎም የባሏ ድምፅ፣ ከዚያች ከትንሽ ስልክ ውስጥ ቀጥኖ። የታጠበውን ብርጭቆ እንደያዘች ቆመች።

«ዝጊው ልበልሽ ወይስ ልስማው?» አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

«አጎቴ እንዲያ ቢለውም እኔ ያደግኩት በዚህኛው ነው» እያለች ልጅቷ መጣች። «ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ የትም ይከፈት ነበር። ግን እውነት ነው፣ ትንሽ ይቀዘቅዛል። አባዬ ለምንድን ነው እንዲህ አድርጎ የዘፈነው? አሟሙቀው ቢሉት የሚያሟሙቅ ሰው ነበር።»

እናትየው ብርጭቆውን አስቀምጣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የመቀመጧ ድምፅ ራሱ ድካም ነበረው።

«አክስትሽ ቤት የከረምንበት ጊዜ ትዝ ይልሻል?»

«ጥርሴ የወለቀ ጊዜ? አዎ፣ ለእረፍት የሄድን ጊዜ።»

«እረፍት ነው ያልኩሽ አንቺን። ጥዬው ነው የሄድኩት።»

ልጅቷ ዘፈኑን አጠፋችው።

«ምን አድርጎሽ?»

«ምንም። ምንም ሳያደርገኝ ነው። ቤት አይገኝም ነበር፤ ሲገኝም ባንዱን በሙሉ ይዞ ነው የሚገኘው። አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ አነጥፋለሁ፣ ጠዋት ደግሞ እሰፋለሁ። አንድ ቀን መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ ክር ማስገባት አቃተኝ። ዓይኔ ደህና ነው፣ እጄ ደህና ነው፤ ብቻ አቃተኝ። ተነስቼ ሻንጣ አዘጋጀሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የአክስትሽም ቤት ቤት አልሆን አለኝ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንቺ ጭኔ ላይ ተኝተሻል፤ እኔ መልስ አዘጋጃለሁ። ለምን ሄድሽ ቢለኝ እንዲህ እለዋለሁ፣ ቢጮህብኝ እንዲህ፣ ቢያለቅስብኝ እንዲህ። አፌን ሞልቼ ነው የመጣሁት። ስንገባ ድስት እያጠበ ነው፤ ምድረ ድስት አቃጥሏል። አየንና እጁን አደረቀ። ሻንጣውን ተቀበለኝ። ‹ልጅቷ በልታለች?› አለኝ።»

«እና?»

«እና አልበላችም አልኩት። ቁጭ አድርጎ አበላሽ።»

«ሌላ አልጠየቀሽም?»

«እስከሞተባት ቀን ድረስ አልጠየቀኝም። ያዘጋጀሁት መልስ እዚሁ አለ፣ እንዳለ።» ደረቷን ነካ አደረገች። «ከዚያ ሳምንት ሳይሞላው ኩባንያው ጠርቶት ሄዶ ይሄን ቀረጸ። ሰው ቀዘቀዘ አለ፣ አጎትሽ ገንዘብ ያዥ አለው። እኔ ግን ሰማሁታ! ‹አልጠይቅሽም› ያለው ልክ ‹ልጅቷ በልታለች?› ባለበት ድምፅ ነው። ጎረምሳው የዘፈነው ለማላውቃት ሴት ነው። በሽተኛው ደግሞ ምስኪን፣ መዝፈንም አልቻለም። ይሄኛው ቤቴ የነበረው ሰውዬ ነው።»

ልጅቷን እንደ መቆጣት ቃጣት።

«ታዲያ ለምን የፈለጋችሁትን አድርጉ አልሻቸው?»

«ስለደከመኝ ነዋ።»

«ነገ አብሬሽ ልሂድና ንገሪው።»

«አንቺ ሥራሽ ግቢ። ብቻዬን ይበቃኛል።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የምታስረክበውን አስረክባ ወደ ስቱዲዮው ሄደች። ምድር ቤት ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ ሰው ሲያወራ ድምፁን የሚውጥበት ክፍል። ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ ከስክሪኑ ጋር ተፋጧል። ስታየው ሌሊቱን ሲሠራ እንዳደረ ገባት፤ ሦስተኛውን ቅጂ ሲያጸዳ ነው ያደረው።

«እትዬ! ምነው በደህና?» ወንበር አቀረበላት።

«የኔ ልጅ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሁለተኛውን አድርገው።»

ሰውየው መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ሁለተኛውን? እሱን እኮ ማንም… ጋሼም አልወደደው፣ እኔም። እትዬ፣ የመጨረሻውን የሰማ ሰው ሁሉ ነው የሚያለቅሰው።»

«ያለቅሳል። እኔም አለቅሳለሁ። እሱ ግን አላለቀሰም፤ አየር ነው ያጠረው።»

«እዚያው ነበርኩ፣ አይቼዋለሁ! ስሜቱ…»

«እንደጨረሰ አንተ ገመድህን ጠቅልለህ ወደ መኪናህ ወጣህ። ትዝ ይልሃል? ‹አሰማኝ› ብሎህ ማዳመጫውን ትተህለት ነበር። ሰማው። ሰምቶ ምን አለ መሰለህ? ‹ይሄማ ሳል ነው› አለኝ። ከዚያ ትራሱን ዝቅ አድርጊልኝ ብሎ ተኛ።»

ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ትልቅ ሰው ነው፣ ፂሙ ሸብቷል፤ ፊቱ ግን የተገሠጸ ተማሪ ፊት ሆነ።

«እውነት እንዲህ ብሏል?»

«ምን ቆርጦኝ እዋሻለሁ?»

«ተመልሼ ስገባ ‹ግሩም ነው ልጄ› ነው ያለኝ።»

«ስለሚወድህ ነዋ።»

ይህን ስትል ልቡ እንደተነካ አየች፤ እሷም ቆጫት፣ የተናገረችውን ግን መልሳ አልወሰደችም። ሰውየው ስክሪኑን እያየ ቆየ። እዚያ ላይ የባሏ ትንፋሽ በአረንጓዴ መስመር ተስሎ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ይህንን ግን አላጠፋውም» አለ። «የመጨረሻ ድምፁ ነው። አይሆንልኝም።»

«ማን አጥፋው አለህ? አንተ ጋ ይቀመጥ። ሲናፍቅህ ስማው። ሰው ግን የባሌን ትንፋሽ ማጠር ታክሲ ውስጥ እየሰማ ‹አቤት ሶል› እንዲል አልፈልግም።»

«ሁለተኛው ቀዝቃዛ ነው ቢሉስ?»

«ይበሉ። ብርድ ልብስ አላለብሳቸው።»

ሳይወድ ሳቀ። ፋይሉን ዘግቶ ሌላ ከፈተ፣ እሷም ደረጃውን ግድግዳ እየደገፈች ወጣች። መንገድ ላይ እግሯ ወደ ቤት አልሄድ አላት። ዋርሳዋ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ከኔ ቢሰማ ይሻላል ብላ ወደ ፀጉር ቤቱ ታጠፈች።

ዋርሳዋ አንድ ወፍራም ሰውዬ እየላጨ ነው። ሌሎች ሁለት አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። በመስታወቱ አያት፤ አልዞረም።

«ጋሼ፣ ዲስኩ የሚከፈተው በሁለተኛው ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ የስቱዲዮውን ልጅ እንዳይቀየሙት።»

ምላጩ ሰውየው ጉሮሮ ላይ ቆመ። ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ቫዮሊኖቹን መረጥሽ?» አለ ዋርሳዋ።

«እኔ እኮ ቫዮሊኑን አልሰማውም ጋሼ። የምሰማው እሱን ነው።»

«እኔ ደግሞ ሌላ የምሰማው ነገር የለም።» ምላጩን በፎጣ ጠረገ። «እዚያች ዘፈን ውስጥ እኔ የቆምኩባት ቦታ ነበረች። እነሱ አስወጡኝ። ዛሬ ደግሞ አንቺ።»

እውነቱን ነው። ጥርሱ ከረገፈ ወዲህ ሳክስፎኑን አልነካውም፤ የነፋው ሁሉ ንፋስ ወስዶት የቀረችለት ያቺ ናት። ያቺ ኩሽና፣ ያ ድስት፣ ያ ሻንጣ ለሱ ምኑም አይደለም፤ ብትነግረውም የሱን አይተካለትም። «ይቅር ይበሉኝ» ልትለው አሰበች፤ ይቅርታ ብላ ግን ያንኑ ልታደርግ ነው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ትንፋሼ ሲመለስ እወጣለሁ ብላ።

ፀጉር ቤቱ ይሞቃል። የሳሙናና የሽቶ ሽታ አለው፤ ራዲዮኑ ስለ ኳስ ያወራል፤ መቀሱ ቅጭ ቅጭ ይላል። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

ስትነቃ ፀሐዩ ከወለሉ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። አግዳሚው ባዶ ነው። ራዲዮኑ ጠፍቷል። የፀጉር ቤቱ ነጭ ልብስ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ ተሸፍኖላታል፣ ልክ ልትላጭ እንደተቀመጠ ደንበኛ። ዋርሳዋ ወለሉን እየጠረገ ነው፤ መጥረጊያውን ድምፅ እንዳያወጣ ቀስ አድርጎ ይስበዋል።

«ምነው አልቀሰቀሱኝም?» አለች አፏን እየጠረገች።

«ማሽኑን ሳላስነሳ በመቀስ ብቻ ስቆርጥ ዋልኩ» አለ ቀና ሳይል። «እጄ ዛለ። ልጅሽ ስልክሽ ላይ ስትደውል አንስቼ ተኝታለች አልኳት፤ አላመነችኝም።» ከዚያ መጥረጊያውን አቆመና ጨመረበት፤ «ብትተኚም እንዳኮረፍኩሽ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ዲስኩ ወጣ። አንዳንዱ ወደደው፤ አንድ የጋዜጣ ሰው ደግሞ ለመክፈቻ የተመረጠችው ቅጂ ስሜት የላትም ብሎ ጻፈ፣ ልጅቷም ጋዜጣውን ከእናቷ ደበቀችው። መደበቅ አላስፈለገም፤ እናቷ ካለበት አግኝታ አንብባው በላዩ ላይ የመጋረጃ ልክ ቆርጣበታለች። እንቅልፏ እንደበፊቱ አልተመለሰም፤ ግን ከሰዓት ከሰዓት አንዳንዴ መኪናው ላይ ደፋ ትላለች፣ ልጅቷም ከሥራ ስትመጣ ተኝታ ካገኘቻት በሩ ላይ ደንበኛ ትመልሳለች።

ዋርሳዋ የሙት ዓመቱ ላይ መጣ፤ ወንበር ደረደረ፣ እንግዳ ተቀበለ፣ ስለ ዘፈኑ ግን አንድም ቃል አላነሳም። ኩርፊያው አልወጣለትም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ስለ ወንድሙ ዲስክ ቢያወራበት መቀሱን ያቆምና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የመጀመሪያውን ይከፍትለታል፤ ሳክስፎኑ እስኪያልቅ ድረስም አንዲት ፀጉር አይቆርጥለትም።